ሁለት ጠብታ አሲድ

ሚዛን ተፈሪ
ጥቅምት 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለእንድርያስ፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታዬን ተቀበል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ሸምሱ አውቶቡሱን መናኸሪያ ሳያስገባ በመስኮት አቀብሎኝ ሲሄድ፣ ዛሬውኑ እመልሳለሁ ብዬ ነበር። ነገሩ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። አንተ እንዴት ነህ? ሳልህ ተሻለህ? የአዲስ አበባ ብርድ ለእኛ ለቆላ ሰዎች አይሆንም ብዬህ ነበር፤ መቼ ትሰማኛለህ!

«አባባ እሺ አሉ ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ እሺ ብሏል። ግን እንዴት እንዳለ ልንገርህ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው፣ «አንተ ራስህ ሽማግሌ ሆነህ ልጅህን ለኦርቶዶክስ ስትድር ሌላው ምን ይበል?» አሉት። አባቴ ሰምቷቸው ሲያበቃ፣ «ልጁን አውቀዋለሁ። ቤቴ ሲገባ ሲወጣ ያላየውን አየሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። የት እንደሚጸልይ እሱና ጌታ ይነጋገሩ። እኔ ልጄን የምሰጠው ለማይዋሽ ሰው ነው» አላቸው። ስለዚህ ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ለወንድምህ ለጋሽ በዛብህም ንገረው።

አሁን ደግሞ ያዘገየኝን ልጻፍልህ። ከሸኮ በታች ያለው የማኅበሩ የዓሣ ኩሬ ውስጥ አንድ ቆሮሶ ዓሣ አልተረፈም። ባለፈው ሐሙስ ሰዎቹ ጠዋት ሲሄዱ ውሃው ላይ የሚታየው ነጭ ሆድ ብቻ ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ ሳይቀሩ አልቀዋል። ሦስት ዓመት የቆፈሩት፣ ያጠሩት፣ የጠበቁት ሁሉ ባንድ ቀን አፈር በላ። እና ጣታቸውን የቀሰሩት በማን ላይ ይመስልሃል? በአባቴ ላይ። ማሳው ከኩሬው ጋር ይዋሰናል፤ የውሃውን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው፤ በክረምቱ ቡናውን በዚያ በሰማያዊው የመዳብ መድኃኒት የረጨውም እሱ ነው። «መርጫውን ኩሬው ውስጥ አለቅልቆታል» ይላሉ። አባቴ መርጫውን የሚያጥበው ከጓሮው ከቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ እንደሆነ አገር ያውቃል።

ከኩሬው በላይ ያለው ግን፣ ወንድምህ የሚያስተዳድረው የቡና ማጠቢያ ነው። እንዳትቀየመኝ እንጂ ያየሁትን ልበል። የማጠቢያው ባለቤት የራሱን እርሻ በዚያው መድኃኒት አስረጭቶ፣ ዝናብ ሳያጥበው ነው ያስለቀመው። እሸቱ ቡና ሰማያዊ ዱቄት እንደለበሰ ወደ መፈልፈያው ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። የማጠቢያው ፍሳሽ ደግሞ በቦዩ ወርዶ ኩሬው ይገባል።

ሸምሱ አንድ ጠርሙስ ያስረክብሃል። ከቦዩ አፍ የቀዳሁት ነው። መዳብ እንዳለው መርምርልኝ። አደራህን ግን፣ ከመለካትህ በፊት ሁለት ጠብታ አሲድ! የመመረቂያ ጥናታችንን መቼም አልረሳኸውም። የቡናው ልጋግ ውስጥ ያለው ፔክቲን፣ ያ ረጅም ሰንሰለት፣ እያንዳንዱ ቀለበቱ ላይ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ተሸክሞ፣ እኛ የጨመርነውን መዳብ እየሳበ ላዩ ላይ ሲለጥፈው፣ የመለኪያው ኤሌክትሮድ ደግሞ በነፃ የሚንቀሳቀሰውን አዮን ብቻ ስለሚያይ «መዳብ የለም» ሲለን፣ «መዳቡ የት ገባ?» እያልን ስንት ሳምንት አበድን! አንተ ነህ እኮ በመጨረሻ «ፖታሲየም የሰርግ እንግዳ ነው፣ በልቶ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መዳብ ግን ሚዜ ነው፣ ከሙሽራው ጎን አይነሣም» ያልከው። አሲዱን ስንጨምር ሰንሰለቱ ያን ሙል አጥቶ መዳቡን ለቀቀውና መርፌው ዘለለ። አንተም አብረህ ዘለልክ።

እኔ እንደሚመስለኝ ኩሬው ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። ልጋጉ መዳቡን ይዞ ወረደ፤ ሰንብቶ ሲኮመጥጥ ለቀቀው። ዓሣዎቹ ያኔ አለቁ።

ሽማግሌዎቹ «የወንድሙን መሥሪያ ቤት ውሃ እሱ ይመርምር ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ነበር። አባቴ ነው እምቢ ያላቸው። «እንድርያስ በኔ ላይ ቢፈርድም እቀበላለሁ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም» አለ። እንግዲህ ስሙን ሁሉ ያንተ እጅ ላይ አስቀምጦታል።

ያንተዋ ዲቦራ

---

አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለዲቦራ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን እየለቀቀኝ ነው። አባባ ያሉትን ከራሳቸው አፍ የሰማሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ አማት የት ይገኛል? ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እማማ አስካለችንም እንደዚሁ።

የዓሣው ነገር በጣም አሳዘነኝ። ባለፈው ፋሲካ አባባ ኩሬው ዳር ወስደውኝ ለዓሣዎቹ የእንጀራ ፍርፋሪ ሲበትኑላቸው፣ ውሃው እንዴት እንደተተራመሰ ትዝ አለኝ። ጠርሙሱ በሰላም ደርሶኛል። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ መሣሪያ ግን የኔ ብቻ አይደለም፣ ወረፋ አለ፤ ኃላፊዬም ከውጭ የመጣ ውሃ ሲሆን በሥርዓት ይመዝገብ ይላል። ትንሽ ታገሺኝ።

ጋሼ በዛብህም ለሥራ ጉዳይ ሰሞኑን እዚህ መጥቶ ነበር፤ ምሳ አብረን በላን። ስለ ሰርጉ ነገርኩት፣ ደስ ብሎታል። ስለ ኩሬው ምንም አላነሣንም። ጠቁሯል፣ ከስቷልም። እንቅልፍ የለኝም ይላል። ታውቂያለሽ፣ አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ትምህርቱን አቋርጦ ለኔ የሆነው እሱ ነው። እና እንዲህ ሆኖ ሳየው ሆዴ ባባ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለመዝገቡ ስለሚያስፈልግ ነው። ውሃውን የቀዳሽው አንቺ ራስሽ ነሽ? ደግሞስ ሌላ ጠርሙስ አስቀርተሻል ወይስ ያለው ይኸው ብቻ ነው?

ቀሚሱን በተመለከተ ነጭ ይሁን ብያለሁ፤ ሌላውን ላንቺ ትቻለሁ።

ያንቺው እንድርያስ

---

ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእንድሬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሳሉ ስለለቀቀህ ጌታ ይመስገን።

ለጥያቄህ፦ ውሃውን የቀዳሁት እኔው ነኝ፤ ጫማዬን አውልቄ፣ ቦዩ ውስጥ ገብቼ። ሌላ ጠርሙስ የለኝም። ባስቀር ጥሩ ነበር፤ ላንተ እስከላክሁ ድረስ ግን ለምን ብዬ አስቀራለሁ? አሁን እንዳልቀዳ ማጠቢያው የዘንድሮውን ጨርሶ ቆሟል፣ ቦዩም ደርቋል። ኩሬውንም ማኅበሩ ሽታው በዛ ብሎ አፈሰሰው። ስለዚህ ያለን ያንተው ጠርሙስ ብቻ ነው። እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው።

ጋሽ በዛብህ መክሳቱን እኔም አይቻለሁ። ገበያ ላይ አግኝቼው ሰላም ስለው መንገድ ቀየረ። አልፈርድበትም። የማጠቢያው ባለቤት ክፉ ሰው ነው፤ ነገሩ ከወጣ መጀመሪያ የሚያባርረው እሱን ነው። እኔም ወንድምህ ከሥራው እንዲወጣ አይደለም የምፈልገው። አባቴ ያላደረገውን አደረግህ እንዳይባል ብቻ ነው።

ስለ አባቴ ልንገርህ። ከሰዎች ጋር ሲሄድ ወደ ኋላ ቀረት ማለት ጀምሯል። የማኅበሩ ሰዎች ደቦ ላይ አልጠሩትም። እሱ የጎረቤቱን ቡና ሳይለቅም የራሱን ለቅሞ የማያውቅ ሰው፣ ዘንድሮ ከእናቴ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ለቀሙ። እኔ ስናደድለት ግን ይስቅብኛል። «እንድርያስ ሲጽፍ ያልቃል፤ ምን አስቸኮለሽ?» ይለኛል። ደብዳቤ መጣ ወይ እያለ ሸምሱን የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ስለዚህ ፍጠን። ወረፋውን ለምነህም ቢሆን።

ዲቦራ

---

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ ዲቦራ፣

እንደምን አለሽ? ፈተና ላይ ስለሆንኩ በአጭሩ ስለምጽፍልሽ ይቅርታ።

ምርመራው አልቋል። ውሃው ውስጥ መዳብ አልተገኘም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ለማኅበሩ በጋሼ በዛብህ በኩል ልኬአለሁ፤ በአጋጣሚ እዚህ ስለነበረ በፖስታ ከሚዘገይ ብዬ ነው። ውጤቱ አንቺ እንደጠበቅሽው ስላልሆነ አዝናለሁ። ሳይንስ ያው ሳይንስ ነው፤ የምንፈልገውን አይነግረንም።

ይህ ማለት ግን አባባ ጥፋተኛ ናቸው ማለት አይደለም። ዓሣ በብዙ ምክንያት ይሞታል። ጊዜ ሲያልፍ ሰው ይረሳዋል።

ለሁሉም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ስለ ሰርጉ በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

እንድርያስ

---

ሚዛን ተፈሪ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

እንድርያስ፣

ወረቀትህ ከደብዳቤህ ቀድሞ ደረሰ። ጋሽ በዛብህ ራሱ ነው ለማኅበሩ ያነበበው። እኔ ቅዳሜ ወደ ቤት ስወርድ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ክው ነው ያልኩት።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። አሲዱን ጨምረሃል?

ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም። ስለ ፈተናህም፣ ስለ ሳይንስም አትጻፍልኝ። ኤሌክትሮዱን እንዲሁ ጠርሙሱ ውስጥ ብትነክረው ምን እንደሚል ካንተና ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም። ታስሮ የተቀመጠውን የለም ይላል። ይህን እኮ ነው አብረን የጻፍነው! የጥናቱ ሽፋን ላይ ስሜና ስምህ ጎን ለጎን ነው ያለው።

ጨምረህ ከሆነና መዳብ ከጠፋ፣ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ጋሽ በዛብህን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልጨመርክ ደግሞ ረስቼው ነው በለኝ። ሰው ይረሳል፣ ይደክማል፤ እንደገና ለካው። ጠርሙሱ አሁንም እጅህ ላይ ነው። ለኔ ከዚህ በላይ ቀላል ነገር የለም። ሁለት ጠብታ ነው።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው። አልተቆጣም። እንዲቆጣ ፈልጌ ነበር። «ከላይ ካልመጣ ታዲያ ከየት መጣ?» እያለ እናቴን ይጠይቃታል።

አሲዱን ጨምረሃል?

ዲቦራ

---

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ ዲቦራ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ፤ ለቤተሰቡም በሙሉ።

ደብዳቤሽ በጣም ነው ያስከፋኝ። እንደ ወንጀለኛ ትጠይቂኛለሽ። የላቦራቶሪውን ሥርዓት ተከትያለሁ። ሥርዓቱ ውሃው እንደመጣ ይለካ ነው የሚለው፤ እንደመጣ ተለካ። ኃላፊዬም አይቶ ፈርሟል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል ሁሉ ትክክል ነው፤ አንዲት ፊደል ውሸት የለበትም።

ዓሣ አየር አጥሮትም ይሞታል፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ብዙ ልጋግ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርሰዋል። እንዲያ ከሆነ ማንም አልመረዘ፣ ማንም አልተበደለ። ለምን በዚያ አንስማማም?

ጠርሙሱን ጠይቀሽኛል። የተለካ ውሃ አይቀመጥም፤ ተደፍቷል፣ ጠርሙሱም ታጥቧል። የቀረ ነገር የለም።

ዲቦዬ፣ ልብሽን አታጨልሚብኝ። ጋሼ በዛብህ አራት ልጆች አሉት። እኔን ተሸክሞ ነው ያሳደገኝ፤ የመጀመሪያ ጫማዬን የገዛልኝ የራሱን ትቶ ነው። አባባ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አገር ያከብራቸዋል። ትንሽ ቢታሙ ነገ ይረሳል። ጋሼ በዛብህ ግን ከወደቀ የሚያነሣው የለም። እኔ ምንም አላልኩም፤ ነገሩን ከሁለቱም ወገን እንድታዪው ብቻ ነው።

ቀሚሱ ተሰፍቶ አለቀ?

እንድርያስ

---

ሚዛን ተፈሪ
ጥር 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ እንድርያስ ገብረወልድ፣

መልስህ ደርሶኛል። «ረስቼው ነው» ብትለኝ ይቅር ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። እንኳን ረስቼው ልትል፣ አስበህ፣ ተጠንቅቀህ፣ ሥርዓቱን እየጠቀስክ ነው ያደረግኸው። አንዲት ፊደል ውሸት የለበትም ትለኛለህ! እውነትህን ነው። ለዚህ ነው አንጀቴ ቅጥል ያለው። ከመዋሸት ይልቅ አብረን የተማርነውን ተጠቅመህ አታለልከን።

«ሌላ ጠርሙስ አስቀርተሻል?» ብለህ የጠየቅኸኝ ለምን እንደነበረ አሁን ገባኝ። እኔ ሞኟ፣ ጫማዬን እንዳወለቅሁ ሳይቀር ጻፍኩልህ።

አየር አጥሮት ነው ላልከው፦ አየር ያጠረው ዓሣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ አባቴ ከአንድ ቀን በፊት አይቷቸው ነበር፣ እንዲያ አላደረጉም። ቀንድ አውጣዎቹስ? ቀንድ አውጣ የሚጨርሰው መዳብ እንደሆነ መጽሐፍ ላይ ያሳየኸኝ አንተ ነህ።

ትንሽ ቢታሙ ይረሳል ብለሃል። የሆነውን ልጻፍልህና አንተ ፍረድ።

ባለፈው እሑድ አምልኮው እንዳለቀ አባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ። ማንም አልጠራውም። እናቴ ነጠላውን ይዛ ልታስቀረው ነበር፤ ቀስ አድርጎ አስለቀቃት። እንዲህ አለ፦ «መርጫዬን ኩሬው ውስጥ ያጠብኩ አይመስለኝም ነበር። እስከ ዛሬም አላጠብኩም ስል ነበር። የአዲስ አበባው ምርመራ ግን ከላይ የመጣ መዳብ የለም ብሏል። የመረመረው ልጄ ነው። ልጄ አይዋሽም። እንግዲህ ከላይ ካልመጣ ከኔ ነው የመጣው። አርጅቻለሁ፣ ረስቼው ይሆናል። ወገኖቼ፣ ይቅር በሉኝ።»

ሰዎቹ አለቀሱ። አቀፉት። ይቅርታም አደረጉለት፤ ከሽምግልናው ግን ራሱ ወረደ። ገባህ? ሳይበድል ይቅር ተባለ። አንተን ከሚጠረጥር የራሱን ልብ ጠረጠረ። አሁን እንግዲህ የነካውን ነገር ሁሉ አያምንም። በሩን ዘግቶ ተመልሶ ይገፋዋል። ላሟን አሥሮ ገመዱን ሦስቴ ያየዋል። «አስካለች፣ መርጫውን የት ነበር ያጠብኩት?» ይላታል። «ጓሮ ነው፣ እኔ አይደለሁ እንዴ ውሃውን ያቀበልኩህ» ትለዋለች። «አንቺ ስለምትወጂኝ ነው» ይላታል።

እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ማጠቢያው ድረስ ወጥቼ፣ ከፍሳሽ ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የደረቀውን ልጋግ ፋቅሁ። ጋሽ በዛብህ ቆሞ አየኝ። አላስቆመኝም። ያንን ይዤ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ገባሁ። በገል አቃጥዬ አመድ አደረግሁት፣ አመዱን በአሲድ አሟሟሁት፣ ከዚያ አሞኒያ ጨመርኩበት። ያንተ መሣሪያ የለኝም፤ ግን ዓይን አለኝ። ሰማያዊ ሆነ። እንደ ተማሪ ደብተር ሽፋን ሰማያዊ! መዳቡ አልጠፋም ነበር፣ ሰንሰለቱ ላይ እንደተጣበቀ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ብልቃጡን ለአባቴ አሳየሁት። ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው። «ቀለሙ ያምራል» አለኝ። «ግን ልጄ፣ ይህ የትምህርት ቤት ብርጭቆ ነው። እንድርያስ በትልቁ መሣሪያ አይቶታል።» እንድርያስ አሲዱን ሆን ብሎ ነው የተወው አልኩት። የዚያን ጊዜ ነው የተቆጣኝ። በሕይወቴ እንዲያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። «የሰው ስም አታጥፊ! በተለይ የሌለን ሰው!» አለኝ። ለሽማግሌዎቹም እንዳላሳይ ከለከለኝ። ይቅርታ ጠይቆ መልሶ መካድ በእግዚአብሔር ላይ መቀለድ ነው ይላል።

አየህ፣ እኔን ልጁን አላመነም። አንተን ነው ያመነው።

ሚዜው ማን እንደሆነ አሁን አወቅሁ። አንተ ከወንድምህ ጎን አትነሣም። ወንድምህን መውደድህን አልጠላሁም፤ ብትነግረኝ አብሬህ መላ እፈልግ ነበር። አንተ ግን አባቴን ሰጥተህ እሱን ገዛህ፤ ለዚያውም አባቴ በሰጠህ እምነት።

ቀሚሱ አልተሰፋም። አይሰፋምም።

ዲቦራ ከፈለኝ

---

ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

አቶ እንድርያስ፣

«እመጣለሁ፣ ፊት ለፊት እንነጋገር» ብለህ የጻፍክልኝን ደብዳቤ አነበብኩ። አትምጣ። እኔና አንተ የምንነጋገረው አልቋል። «ምን ባደርግ ይቅር ትይኛለሽ?» ብለሃል፤ እሱን እኔን አትጠይቀኝ።

ከዚህ ጋር የአባቴን ደብዳቤ አያይዣለሁ። ጻፊልኝ ብሎኝ እምቢ ስላልኩት በገዛ እጁ ነው የጻፈው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አዲስ የቀዳሁትን የኩሬ ውሃ ጠርሙስ ሸምሱ ያስረክብሃል። ከዚህኛው ግን እኔ ጋ ሌላ ጠርሙስ ቀርቷል፤ የቀዳሁትም ከአንድ ባልዲ ነው።

ለኔ እንዳትመልስ። ለሱ መልስ።

ዲቦራ

---

ሸኮ
የካቲት 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንድርያስ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እኔ ደህና ነኝ። አስካለችም ደህና ናት። ጥቁሯ ላም ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። ዝናብ ትንሽ ጥሎልን ቡናው አብቧል። መዓዛው መንደሩን በሙሉ ሞልቶታል። ብታየው ደስ ይልህ ነበር።

መጻፍ ከተውኩ ብዙ ጊዜ ነው። ፊደሉ ቢጣመም ይቅርታ አድርግልኝ።

አንደኛ፣ ይቅር እንድትለኝ ነው የጻፍኩት። የወንድምህን ማጠቢያ በሰው ፊት ጠርጥሬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እጄን ጨብጦ ብዙ ቆየ። ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር። ጥሩ ሰው ነው። አንተንም ስላስጨነቅሁህ ይቅር በለኝ። በኔ ላይ መፍረድ እንዴት እንደከበደህ አውቃለሁ። ቢከብድህም እውነቱን ስለጻፍክ አከበርኩህ።

ሁለተኛ፣ ዲቦራ ሰርጉ ቀረ ትላለች። ስላንተም የማይባል ነገር ተናግራለች። አትቀየማት። አባቷ ስለሆንኩ ነው እንዲህ የሆነችው። በኔ ጥፋት ቤታችሁ አይፍረስ። ታገሣት፣ ይበርድላታል።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። ማኅበሩ ኩሬውን እንደገና ሞልቶታል። ጭቃውን ግን ሁሉንም ማውጣት አልቻልንም። ከግብርና ቢሮ አዲስ የቆሮሶ ጫጩት ሊሰጡን ነው። ሰዎቹ ፈርተዋል። እንደገና ቢሞት ማኅበሩ ይፈርሳል። ደግሞም ዓሣው ቢተርፍ የሚበሉት ልጆቻቸው ናቸው። እኔም ፈርቻለሁ። አሁን እጄ ምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ መርጫውን ለሰው ሰጥቼዋለሁ። ስለዚህ ሸንጎ ላይ ተነሥቼ እንድርያስ ይይልን አልኳቸው። ሁሉም እሺ አሉ።

ውሃውን ልኬልሃለሁ። ዲቦራ ጠርሙሱ ላይ «መጀመሪያ አሲድ» ብላ ጽፋበታለች። ምን ማለት ነው ብላት፣ እሱ ያውቀዋል አለችኝ።

ደህና ነው ካልከን ዓሣውን እንጨምራለን። ደህና አይደለም ካልከን አንጨምርም። የምትለንን እናምናለን።

አባትህ ከፈለኝ